የሮማ እሳትና የአያ ጥሩነህ ክምር

ያረጀሁት ዳንግላ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ነው። በየዓመቱ፣ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር ብድግ ይልና «መምህር፣ የዓለም ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል። እኔ አልቆጣም። አፈ ኮምጣጣ ነህ የሚሉኝ ባልደረቦቼ እንኳ በዚህ ጥያቄ ስቆጣ አይተውኝ አያውቁም። ጥያቄውን ከልጆቹ በፊት የጠየቅሁት እኔ ነኛ! መልሱን ያገኘሁት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ አውጫጭ ላይ ተቀምጬ፣ እጄ በብርድ ደንዝዞ ስጽፍ ነው ያገኘሁት። የማወጋችሁ እሱን ነው። ደስ የሚል ወግ አይደለም፤ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አትደነቁ፣ በዚያን ዘመን ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ጢሙን የሚላጭ ሞልቶ ነበር። አገራችን በእንጅባራና በጥርባ መካከል ነው። ቤታችን የሚነገረው አገውኛ ነው፣ ዳንግላ ከተማ ውስጥ አማርኛ፣ ትምህርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ሦስት ቋንቋ ስላችሁ አዋቂ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ፤ በሦስቱም የማወራው ያው ስለ ራሴ ነበር። አባቴ አቶ ፈንታ ሞፈር ሳያስይዘኝ ያሳደገኝ ሰው ነው። በሬ ጠምዶ ሲውል የሰፈሩ ሰው «ልጅህስ?» ሲለው «ልጄ ይጽፋል» ይላል። ሌላ አይጨምርም።

የዓለም ታሪክ የሚያስተምረን ህንዳዊ ነበር። ቀጭን፣ የዳንግላ ብርድ የማይለቀው፣ አንገቱ ላይ የሱፍ ሻሽ ጠምጥሞ የሚመጣ ሰው። ስሙ ለምላሳችን ስለ ከበደን «ማን አየ» አልነው። ምን ብንመልስለት «ማን አየ?» ነበራ የሚለው። ንጉሡ ከተማዋን ገነባ ስንለው፣ «ማን አየ?» ጦሩ ሸሸ ስንለው፣ «ማን አየ?»

ከገና ዕረፍት በፊት ባለው ሳምንት ስለ ሮማ መቃጠል አስተማረን። ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፈለና በአንዱ ወገን «ያየ»፣ በሌላው ወገን «የሰማ» ብሎ ጻፈ። ከተማዋ ብዙ ቀን ነደደች። ሕዝቡ ያቃጠላት ንጉሡ ነው አለ። ንጉሡ ደግሞ ያቃጠሏት ክርስቲያኖቹ ናቸው አለ። ያን ጊዜ ክርስቲያኖች ጥቂት ነበሩ፣ ከሌላ አገር የመጡ፣ ማንም የማይወዳቸው። እነሱም ተያዙ፣ ተገደሉም። ከዚያ ይህን ጽፈው ያቆዩልንን ሰዎች አንድ በአንድ ጠራቸው። አንዱ እሳቱ ሲነሳ ሕፃን ነበር፤ ሌላው ገና አልተወለደም። ሁሉንም «የሰማ» በሚለው ሥር ጻፋቸው። «ያየ» የሚለው ወገን ባዶውን ቀረ።

እኔ ታዲያ ያለፈው ፈተና ላይ ወድቄ ስለ ነበር ሆዴ ቂም ይዟል። ብድግ ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ የሮማ እሳት ለዳንግላ ምን ያደርግላታል አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። እሱ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «አላውቅም» አለኝ። «ስታገኘው መጥተህ ንገረኝ።»

በማግሥቱ ዕረፍቱ ገባና በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተሳፍሬ እንጅባራ ወረድኩና ወደ አገሬ በእግሬ ተያያዝኩት። ሰፈር ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አንድ ሰው የሱፍ ባናውን ተከናንቦ በብረት ቀጥቃጩ ደጅ በኩል ቁልቁል ሲወርድ ከሩቅ አየሁ። ያ መንገድ ወደ ምንጩ የሚወስድ ነው፣ አገር ምድሩ ይሄድበታል።

ራት ሳይቀርብ ጩኸት ተሰማ። የጎረቤታችን የአያ ጥሩነህ የገብስ ክምር ነደደ። ወንዱ ሁሉ በቀርከሃ ዘንግና በእርጥብ ቅጠል ሮጠ፤ ምንም አልተረፈም። የአንድ ዓመት እህል ነው፤ ያውም ስምንት ነፍስ የሚበላው። አያ ጥሩነህ አመዱ ዳር ቆሞ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። የቀርከሃ ዘንጉን እንደ ያዘ ቀረ።

ቤት ቀድሜ ገባሁ። እናቴ እግሬን የምታጠብበት ውሃ እያቀረበች «መንገድህ በዚያው አልነበር? ሰው አላየህም?» አለችኝ። አንድ ሰው በቀጥቃጩ ደጅ በኩል ሲወርድ አይቻለሁ አልኳት። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤት አወራሁላት። ነገሩ ከልቤ ወጣ።

ቀጥቃጩ ከስድስት ዓመት በፊት ሚስቱን ይዞ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ጎጆውን ከሰፈሩ ራቅ አድርጎ ቀለሰ። በእሱ እጅ ያልተሠራ ማረሻ፣ በእሱ እጅ ያልተሳለ ማጭድ በአገሩ አልነበረም። ቤቱ ገብቶ እህል የቀመሰም አልነበረም። ዐይኑ አይጣል ነው ይሉታል። በክረምቱ የአያ ጥሩነህ ላም ቡሬ ወተቷ ነጥፎ ስትከሳ፣ አያ ጥሩነህ «አየብኝ» ብሎ በደጁ እንዳያልፍ ከልክሎት ነበር። እኔ ራሴ ያንን በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው «አንተ» ነበር የምለው። ማንም አላረመኝም።

ከቃጠሎው በሦስተኛው ቀን ጭቃ ሹሙ አውጫጭ ጠራ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። በአገር ውስጥ ቃጠሎ ወይም ስርቆት ሲደርስ፣ አቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ሁሉ ወጥቶ አንድ ቦታ ይቀመጣል። አድራጊው እስኪወጣ ድረስ ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ነው፤ መቅረት የለም። ሦስት ሽማግሌዎች ለብቻቸው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሰው አንድ በአንድ እየሄደ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። የነገራቸውን ሰው ስም አያወጡም፣ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚሉት። ወፏም ከየት መጣሽ አትባልም። ይህ ደንብ ነው፣ ሰው ሳይፈራ እንዲናገር የተሠራ።

ጭቃ ሹሙ ነገሩ ተጽፎ ዳንግላ እንዲደርስ ፈለገና ጸሐፊ ጠየቀ። አባቴ ተነሥቶ «ልጄ ይጽፋል» አለ። የወፏን ስም ላላወጣ ምዬ፣ የትምህርት ቤት ደብተሬን ይዤ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ከኮሶው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

የአውጫጩ የመጀመሪያ ቀን በዝምታ አለቀ። የሚመጣው ሁሉ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል። ውርጩ ከሣሩ ላይ የተነሣው ረፋድ ላይ ነው፤ እስክሪብቶው ከጣቶቼ መካከል መኖሩ አይታወቀኝም ነበር። ሰዉ ዐይኑን ከየአውድማው አልነቀለም። የሁሉም ክምር ሳይወቃ ቆሟል፤ የትኛው ዛሬ ማታ እንደሚነድ የሚያውቅ የለም። ማታ ሲበተን አንዱ ሌላውን አያይም።

ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሰው መጥቶ ጎንበስ አለና ቀጥቃጩ በዚያ ማታ ታይቷል አለ። ጻፍኩ። ጥቂት ቆይቶ ሌላው መጣ፤ ቀጥቃጩ በገል ፍም ይዞ ታይቷል አለ። ጻፍኩ። ሦስተኛው የቡሬን ነገር አስታወሰ፤ ቂም ነበረው አለ። ከቀትር በኋላ ሰው እየተሰለፈ ነበር የሚመጣው። «አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው» አለኝ አንዱ፣ ጽሑፌን በጣቱ እየጠቆመ። የሚናገሩት በአገውኛ ነው፣ እኔ የምጽፈው በአማርኛ። አንዱን ሽማግሌ የቀጥቃጩን ስም እንዴት ልጻፍ ብዬ ጠየቅሁት። «ቀጥቃጩ በል፣ ይታወቃል» አለኝ። ቀጥቃጩ እያልኩ ጻፍኩ።

አመሻሹ ላይ ሃያ ሦስት ቃል ሞላ። ያን ጊዜ ነው ገጹን ልብ ብዬ ያየሁት። ህንዳዊው ስላስለመደኝ ነው መሰል፣ ሳላስበው ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍዬው ነበር። ሃያ ሦስቱም ቃል «የሰማ» በሚለው ወገን ነው። «ያየ» በሚለው ሥር አንድም ሰው የለም።

በዚያ ሰዓት ደነገጥኩ፣ አዘንኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልደነገጥኩም። ገጹን ሳየው ገጹ አየኝ፣ በቃ። ደብተሩን አጥፌ ወደ ቤት ሄድኩ።

ራት ላይ አባቴ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር። ነገ ያልቃል፣ ከነገ ወዲያ እንወቃለን አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዉ የቸኮለው እውነቱን ለማግኘት አልነበረም፣ ወደ አውድማው ለመመለስ ነው። አንድ ስም ከተገኘ ይበቃዋል።

«አባቴ፣ ያየ ሰው እኮ የለም» አልኩት።

«ሃያ ሦስት ሰው ይዋሻል?»

«አልዋሹም። ሰምተዋል።»

እጁን ታጠበ። «አንተ ጻፍ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ቀጥቃጩን መሐል አስቀመጡት። ነገሩ ምን ላይ እንደ ደረሰ ሁሉም ያውቃል። እኔ የጻፍኩትን አነባለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ያጸናሉ፣ አገሩ በጣቱ ይፈርማል። ቀጥቃጩ ታስሮ ዳንግላ ይወርዳል፣ ጎጆው ይፈርሳል፣ ሚስቱ ልጇን አዝላ ከአገር ትወጣለች። ሚስቱ ከቀርከሃው አጥር ውጭ ከሌሎቹ ሴቶች ተለይታ ቆማለች። ጭቃ ሹሙ የምትለው አለ ወይ ሲለው፣ ቀጥቃጩ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ያየኝ ካለ ይንገረኝ» አለ። መልሶ ተቀመጠ።

 ጭቃ ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ አንብብ አለኝ። ተነሣሁ። ለማንበብ ነበር የተነሣሁት፣ እውነቱን ለመናገር። አፌ ሲከፈት የወጣው ግን ሌላ ነው። ሮማ የሚባል ትልቅ ከተማ ነበር አልኩ። ተቃጠለ፤ ማን እንዳቃጠለው ያየ አልነበረም፤ በማይወደዱት ላይ ተላከከ፤ እነሱም ክርስቲያኖች ነበሩ አልኩ። እየተናገርኩ ድምፄ ከሌላ ሰው አፍ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

«ሮማ የማን ግዛት ናት?» አለ ጭቃ ሹሙ። ሰዉ ሳቀ። አንዱ «አያ ፈንታ፣ ልጅህን ፊደል አስቆጥረህ አገር አስቆጠርከን» ብሎ አባቴን ወረፈው። አባቴ መሬት መሬት ያያል።

ታሪኩ ለማንም አልገባም፤ አልዋሻችሁም። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የነበሩት ቄስ አስረስ ብቻ ቀና አሉ። «ክርስቲያኖቹን ነው የከሰሷቸው?» አሉኝ። አዎ አባ አልኳቸው። 

ከዚያ የሮማን ነገር ተውኩና እጄ ላይ ያለውን ተናገርኩ። ይህ ወረቀት ዳንግላ ይደርሳል። ዳኛው ያየው ስንት ሰው ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ እኔ የጻፍኩት ላይ አንድም ሰው የለም። ይህን ሰምቶ በአገሩ ቢስቅ እኔ የለሁበትም አልኩ። ጭቃ ሹሙ ይህ ገባው። ዳንግላ ላይ መሳቂያ መሆንን ከእሳት ይበልጥ የሚፈራ ሰው ነበር።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?»

«የነገረ ሁሉ ከማን እንደ ሰማ ይናገር።»

«ወፍ ከየት መጣሽ አትባልም!» ብለው ብዙዎች ተነሡ። ደንብ ሊፈርስ ነው ተባለ። እውነትም ደንብ ማፍረስ ነበር፤ ያውም ምዬ። ቄስ አስረስ ግን መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉና «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ይጠይቅ። ከመሐላህ እኔ እፈታሃለሁ» አሉ።

ጠየቅሁ። ፍም ይዞ ታየ ያለው ሰው ከወንድሙ እንደ ሰማ ተናገረ። ወንድሙ ተነሥቶ፣ እኔ ፍም አላልኩም፣ ገል ይዞ ነው ያልኩት አለ። እሱስ ከማን ሰማ? ከአማቱ። አማቱ ተነሥቶ፣ ገል የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም፣ ቀጥቃጩ ሲቻኮል ታየ ነው የተባልኩት አለ። የሚቀጥለው መቻኮሉን ካደ። እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ስንሄድ ነገሩ እየከሳ መጣ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? ሁሉም ትንሽ ትንሽ ጨምሮ ነበር፤ አሁን ሁሉም የጨመረውን እየመለሰ ይወስዳል። መጀመሪያ ፍሙ ሄደ፣ ከዚያ ገሉ፣ ከዚያ መቻኮሉ። ሃያ ሦስቱም መንገዶች ዞረው ዞረው ወደ ምንጩ፣ ውሃ ወደሚቀዱት ሴቶች ወረዱ።

ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ሆነው መመለስ ጀመሩ። አንዷ ቀጥቃጩን አላልኩም፣ በቀጥቃጩ ደጅ የወረደ ሰው ነው ያልኩት አለች። ከማን ሰማሽ ተባለች።

«ከአያ ፈንታ ሚስት።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ነበር። የማስታውሰው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ማድረጓን ነው። ቄስ አስረስ በለሰለሰ ድምፅ፣ ልጄ፣ አንቺስ ከማን ሰማሽ አሏት።

ቀና ብላ አየችኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ መሬት መሬት እያየች «እንጃ አባ። ረስቼዋለሁ» አለች።

በሕይወቴ እናቴ ስትዋሽ ያየሁት በዚያች ቀን ብቻ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ አላስታወስኩም ነበር፣ በቤተ ክርስቲያን ስም። ሃያ ሦስት ሰው ከማን ሰማህ እያልኩ ስጠይቅ፣ ውሃው የሚመነጨው ከራሴ እግር ሥር መሆኑን አላወቅሁም። ዐይኗን ሳይ ግን የዚያ ማታው የእግር መታጠቢያ ውሃና ያልኳት ነገር ትዝ አለኝ። አሁን ዝም ብል ነገሩ እናቴ ላይ ይቆማል፤ ወሬኛዋ የፈንታ ሚስት ተብላ ትቀራለች። ብናገር ደግሞ «ልጄ ይጽፋል» የሚለው አባቴ አለ፤ ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ያየኛል። ሁለቱን መዘንኩ ብል ውሸቴን ነው። ምንም አልመዘንኩም። 

«ከእኔ ነው የሰማችው» አልኩ።

ጭቃ ሹሙ ምን አየህ አለኝ። አንድ ጀርባ አልኩት። ፊቱን? አላየሁም። እሳት? አላየሁም። ቀጥቃጩ ነበር? አላውቅም፤ ባና የተከናነበ ሰው ነው፤ ባና ደግሞ እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ለብሷል። ከዚያ ቁጭ ብዬ «ያየ» በሚለው ባዶ ወገን ላይ በራሴ ስም ጻፍኩት። አለኸኝ ፈንታ፣ አንድ ጀርባ አየ።

ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻል ነበር። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ ወፍ ጠፋች ተባለ፣ አውጫጩ ተበተነ። ሰዉ አውድማው ላይ ሊደርስ እየተጣደፈ ወረደ። ቀጥቃጩን ይቅርታ ያለው አልነበረም፤ ይቅርታ ማለት እንዳለበትም ያሰበ አይመስለኝም። አያ ጥሩነህ ብቻ ቁጭ ብሎ ቀረ፤ እሱ የሚወቃው አልነበረውም። አባቴ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ። አንድ ነገር የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ጋቢውን አስተካክሎ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ «ልጄ ይጽፋል» ሲል አልሰማሁትም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቀጥቃጩ ጎጆ ሄድኩ። ለምን እንደ ሄድኩ አላውቅም። ወናፉን ጠቅልሎ አህያ ላይ እየጫነ ነበር። መዶሻዎቹ በከረጢት ገብተዋል። ሚስቱ ልጇን አዝላ፣ ለመሄድ ተዘጋጅታ ቆማለች።

«ለምን ትሄዳለህ? ነጻ ወጥተህ የለም?» አልኩት።

ገመዱን አጥብቆ አሰረ። «የመሰከሩብኝ ሃያ ሦስት ነበሩ?»

«አዎ።»

«የሚቀጥለው ክምር ሲነድስ?» አለኝ።  ሲጭን ከቆየ በኋላ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «አባቴንም እንዲህ ነው ያስወጡት፣ ከጥሊሊ ማዶ፣ እኔ ልጅ ነበርኩ» አለ። የተሰረቀ በሬ ነበር ምክንያቱ። በሬው ኋላ ገደል ገብቶ ተገኘ።

«ያን ጊዜ የሚጽፍ ሰው አልነበረም» አለ። «አንተ ጽፈኸዋል አይደል?»

«ጽፌዋለሁ።»

«ደግ አደረግህ።»

አህያውን ነዳ። በአዘና መንገድ ሄደ፤ ሚስቱ ተከተለችው። ምድጃውን በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቅዟል።

ትምህርት ሲከፈት ህንዳዊውን ፈልጌ ሄድኩ። የሮማ እሳት ምን እንደሚያደርግልን አግኝቼዋለሁ አልኩት። ኩራት ቢጤም ነበረኝ፣ አልደብቃችሁም። ሰው አድኛለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ደብተሩን ዘርግቼ መስመር በመስመር ወደ እንግሊዝኛ መለስኩለት። ሃያ ሦስቱን ሰዎች ከነአባታቸው ስም፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች፣ ጭቃ ሹሙን፣ አያ ጥሩነህን። ሻሹን እያስተካከለ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስጨርስ ገጹን ወደ ራሱ ሳበና፣ ፊደላችንን ባያነብም፣ አንዱን ቃል በጣቱ ያዘው። በየመስመሩ የተደጋገመው እሱ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቀጥቃጩ። የተከሰሰው ሰው።»

«ስሙ ማን ነው?»

 ገጹን አገላበጥኩ። ላሟ እንኳ ቡሬ ተብላ ተጽፋለች። የላሚቱን ስም ጽፌያለሁ። የሰውዬውን ስም አልጻፍኩም፣ አላውቀውም፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። የመጨረሻውን ቀን ደጁ ቆሜ ስናወራ እንኳ አልጠየቅሁትም።  ህንዳዊው ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ።

በፋሲካ ዕረፍት አገሬ ስገባ ሁሉንም ጠየቅሁ። እናቴ አታውቅም። አባቴ «ቀጥቃጩ ነዋ» አለኝ። ቄስ አስረስ፣ ክርስትና ስሙን የሚያውቀው ያገሩ ቄስ ነው አሉኝ፤ አገሩንም ከጥሊሊ ማዶ ከማለት በቀር ማንም አያውቀውም። አዘና በገበያ ቀን ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቀጥቃጭ ሞልቷል፣ የቱን አሉኝ። የቱን እንደምል አላወቅሁም። ክምሩን ማን እንዳቃጠለውም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እንግዲህ ታሪክ አስተማሪ የሆንኩት በዚህ ነው። ልጆቹ ምን ይጠቅመናል ሲሉኝ ያንን ደብተር አወጣለሁ። ገጹ ቢጫ ሆኗል፣ መስመሩ አሁንም ይታያል። አንብበው የጎደለውን እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ። ማን አየ፣ ማን ሰማ የሚለውን ቶሎ ያገኙታል፤ ያ ትምህርቱ ነው፣ ከሮማ ተምረነዋል፣ ይጠቅማል፣ አንድ ሰው ከእስር አድኗል። ከዚያ የሚቀረውን ግን ብዙዎቹ ሳያዩት ደብተሩን ይመልሱልኛል። ባለፈው ዘመን ውስጥ ስንት ሰው እንዲህ በሙያው ብቻ ተጠርቶ እንዳለፈ፣ ጸሐፊው አጠገቡ ተቀምጦ እያለ፣ ለመቁጠር አቅም የለኝም።

አልፈርድባቸውም። እናንተም እዚህ ድረስ አንብባችኋል፤ ጭቃ ሹሙም ስም የለውም፣ እሱን ግን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ በደብተሬ ስሙ ከነአባቱ ስም አለ። የአያ ጥሩነህን፣ የቄስ አስረስን፣ የአባቴን ስም ነግሬያችኋለሁ፤ የላሚቱንም። ያ ሰውዬ ማን ይባል ነበር ብላችሁ አስባችሁ እንደ ሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። በደብተሬ ላይ ከመጀመሪያው «ቀጥቃጩ» አጠገብ አንድ ስም የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ስሙን የሚያውቅ ካለ ንገሩኝና ልጻፈው።